የሰዓዳ ወተት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ኬክ ቆረሱልኝ። ክሬሙን ሙቀቱ አቅልጦት ስለነበር በማንኪያ ነው የበላነው። ከአዲሶቹ ነርሶች አንዷ ስልኳን ወደ አፌ አስጠግታ፣ «ማዳም ወርቅነሽ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የሠሩት ትልቁ ስህተት ምንድን ነው? ለእኛ ትምህርት እንዲሆነን» አለችኝ።

«ሾፌር ማመኔ» አልኳት።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ያለችው ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ ከልቧ ነበር። መልሱም ነበረኝ፤ አሥራ አራት ዓመት በሆዴ የያዝኩት መልስ። ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፎ የምትኖር አንዲት ሴት በዚህ ዓለም ላይ ልጅ እንዳላት አውቃለሁ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ለተማሪዎቼ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ።

ጅቡቲ የገባሁት በፈረንጆቹ 1998 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ሲና ሲሆን፣ ነርስነቱን የጀመርኩት አሰብ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ እኛ ኢትዮጵያውያኑ ሻንጣችንን አንጠልጥለን ወጣን። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲዞር እኔም ከጭነቱ ጋር ዞርኩ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሠራሁት ወደቡ አጠገብ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ሲሆን፣ ሥራዬም የከባድ መኪና ሾፌሮችን ቁስል ማጠብና ለወባ ደም መውሰድ ነበር። ከሾፌሮቹ አንዱ ሊያገባኝ ቃል ገብቶልኝ፣ ዘመዶቹን ሊያማክር የጋላፊን ድንበር አልፎ ሄደና አልተመለሰም። አልሞተም፤ ሞጆ አግብቷል። ስለ ደመወዙና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ባወራ ሌላ መጽሐፍ ስለሚወጣው ልተወው።

ክሊኒኳ ስትዘጋ አንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። የመደቡኝ ማንም ወደማይፈልገው ክፍል ነበር። ስድስት ኩቬዝ ነበረን፤ ኩቬዝ የምንለው ሕፃናቱን የሚያሞቀውን የመስታወት ሣጥን ነው። ከስድስቱ አራቱ ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ አራቱም አይሠሩም። ኃላፊው ሐኪም ጎበዝ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የሚያምነው በቆርቆሮ ዱቄት ወተትና በመመዝገቢያ ቅጽ ነበር። ስለ እናት ጡት ሲነሳበት፣ «እሱን ለማዳም ሐሊማ ንገሯት» ብሎ ይሄዳል።

ማዳም ሐሊማ የክፍሉ ዋና ነርስ ነበረች። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። የደብረ ሲና ልጅ ነኝና መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። ዞር ብላ ከኋላዋ አየችና፣ «ሌላ ሰው መጥቶ ነው እንዴ? እኔን ከሆነ አንቺ በይኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። እስክትሞት ድረስ ግን አፌ አልለመደውም።

የማልረሳው እጇን ነው። የማንንም ሴት ጡት ከመንካቷ በፊት ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ታሞቅ ነበር፤ ውጭው አርባ ዲግሪ ሆኖ እንኳ። «የእኔ እጅ ሳይሆን የእሷ ገላ ነው የሚወስነው» ትላለች። ሁልጊዜ ከእናትየዋ ዝቅ ብላ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። «ስንት ወጣልሽ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ወተቱ የሚጠራቀምበትን ኩባያ የሕፃን ካልሲ ታለብሰዋለች፤ እናትየዋ ወተቷን በሚሊ ሊትር እየለካች እንዳትጨነቅ። ካልሲ የለበሰ ኩባያ ሳይ ሳቄ ይመጣ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ ኩባያው ላይ ያፈጠጠች ሴት ወተቷ ይያዛል፣ ካልሲ አይታ የሳቀች ሴት ወተቷ ይወርዳል።

ሌላም ነበራት። ወተቱን ለልጁ ከመስጠቷ በፊት ጮክ ብላ፣ «የፋጡማ ወተት ለፋጡማ ልጅ» ትላለች። ሌላኛዋ ነርስ «የፋጡማ ወተት ለፋጡማ ልጅ» ብላ እስክትመልስላት ንቅንቅ አትልም። በቀን መቶ ጊዜ ይህን ማለት ያሰለቸኝ ነበር። ስሙ ኩባያው ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ምን ያስጮኸናል እል ነበር በሆዴ።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። ልጅ በሰባት ወር ሲወለድ መጥባት አያውቅም። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ገና አላቀናጃቸውም። የእናቱ ጡት ግን ልጁ መወለዱን እንጂ አለመድረሱን አያውቅም። ስለዚህ ልጁ እስኪደርስ ድረስ ጡቱን ማታለል አለብን። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማለብ ትጀምራለች። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጥቁሩ ክብ ትንሽ ወደኋላ፣ መጀመሪያ ወደ ደረት መግፋት፣ ከዚያ ጣቶቹን ማገናኘት፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። መጎተት የለም። ቆዳው ላይ ማንሸራተትም የለም። መጀመሪያ የሚመጣው እንገሩ ነው፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ አንዳንዴ አምስት ጠብታ። እሷን በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ለቅመን ለልጁ ከንፈሩን እንቀባዋለን። በየሦስት ሰዓቱ፣ በቀን ስምንት ጊዜ፣ ሌሊትም ሳይቀር። አንድ ሰዓት የዘለለች እናት ነገ ትንሽ ታገኛለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከዚያ ያነሰ።

በሁለተኛው ሳምንት ወተቱ ይቀንሳል። ሁሉም ሴት ላይ ማለት ይቻላል። ድካሙ፣ ፍርሃቱ፣ ከቤት የሚመጣው ወሬ አለ። አማት ትመጣና፣ «ወተትሽ ደርቋል፣ ተይው» ትላለች። ያኔ ማዳም ሐሊማ አማትየዋን ሻይ ጋብዛ ከክፍሉ ታስወጣና እናትየዋን ጠረጴዛ ላይ አስደፍታ ጀርባዋን ከአንገቷ ጀምሮ በጡጫዋ እያሸች ትወርድባታለች። ከዚያ ልጁን ከኩቬዙ አውጥታ ራቁቱን ደረቷ ላይ በነጠላ ታስርላታለች። ልጁ ወተቱን አይጠባም፤ ያሸታል፣ ይልሳል። ይህ ሲሆን ከሌላኛው ጡት ወተት ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ነው የሚመገበው፤ ሲሪንጁን ከፍ አድርገን እንይዛለን፣ አንገፋም፣ ራሱ ይወርዳል። ሲጠነክር በትንሽ ኩባያ እንደ ድመት ግልገል ይልሳል። ከዚያ በኋላ ነው ታልቦ የጎደለ ጡት የሚሰጠው፣ እንዳያንቀው፤ መጨረሻ ላይ ሙሉውን።

ይህን ሥራ ወደድኩት። ልንገራችሁ፣ ከሥራው በቀር የምወደው ነገር አልነበረኝም። ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ የውሃ ጀሪካንና ራዲዮ ነው። አልወለድኩም። ሰው ልጅ ስንት እንዳለኝ ሲጠይቀኝ፣ «ዛሬ ሦስት፣ ነገ አራት ይሆናሉ» እላለሁ፤ ኩቬዞቹን ቆጥሬ። ይስቃሉ።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ግድም፣ ኸምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በሚነሳበት ወር፣ ማዳም ሐሊማ እንደየዓመቱ ወደ ድሬዳዋ ዘመዶቿ ጋ ሄደች። ክፍሉን ለእኔ ተወችልኝ። ኩራቴን ብታዩ! የቁልፍ ማንጠልጠያውን አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር የምዞረው።

በዚያ ሰሞን ሰዓዳ የምትባል የሶማሌ ሴት ነበረችን። ሽቲና ሻሽ ነጋዴ ናት፤ ድሬዳዋ እየተመላለሰች አማርኛ ለምዳለች። ብዙ ፅንስ ከጨነገፈባት በኋላ በቀዶ ጥገና የወለደቻት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። እኔ ነኝ ማለብ ያስተማርኳት። እንደ ሰዓዳ ያለች ተማሪ አላየሁም። ሰዓት ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፤ ሦስት ሰዓቱ ሲሞላ ኩባያዋን ይዛ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ወተቷ ከልጇ አልፎ ይተርፍ ነበር። ልጅቷ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደሟ ተመርዞ ሞተች። ረፋድ ላይ ነው የሞተችው፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ሰዓዳ ግን የቀዶ ጥገና ቁስሏ አመርቅዞ ስለነበር ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ እኛው ጋ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ኩባያዋን ይዛ መጣች። ካልሲውን እንዳለበሰችው።

«ሰዓዳዬ፣ አሁን መቀነስ ነው ያለብሽ። ቀስ በቀስ ይደርቃል» አልኳት።

«ሰዓቱ ደረሰ፤ አለብኩ። ምን ላድርግ አባዮ? እሱ መሞቷን አልሰማም» አለች። አባዮ በእነሱ እኅቴ ማለት ነው። «አትድፊው። እባክሽ ፊቴ አትድፊው።»

ተቀበልኳት። ቃል ሳልገባላት ኩባያውን ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓዳ ልጅ በተለቀቀው ኩቬዝ ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። ክብደቱ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። እናቱ ነጅማ ትባላለች፤ ድሬዳዋ ላይ የታወቁ ነጋዴዎች ልጅ፣ እዚሁ ከተማ ሆዳን ሰፈር ላለ ሌላ ነጋዴ ቤተሰብ የተዳረች፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ። የደም ግፊቷ ወጥቶ አንቀጥቅጧት፣ ልጁን አውጥተውላት እሷ ራሷን ሳታውቅ በሌላ ክፍል ተኝታለች። ልጁ የዱቄት ወተት ሲሰጠው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የሚመልሰውም አረንጓዴ ሆነ። ሐኪሙ ምግብ አቁሞ ግሉኮስ ብቻ አዘዘ። በሦስተኛው ቀን፣ «ትንሽ እንሞክር፤ የእናት ወተት ቢኖር ጥሩ ነበር» ብሎ ሄደ።

የእናት ወተት ነበረ። ፍሪጁ ውስጥ፣ ካልሲ ለብሶ።

የሰዓዳን ካርድ አወጣሁ፤ የደም ምርመራዋ ንጹሕ ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር ለካሁና በቱቦው አወረድኩለት። የማንንም ስም አልጠራሁም። አብራኝ የምትሠራዋ ነርስ የሌላ ልጅ ጨርቅ እየለወጠች ነበር፤ አላየችኝም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዱን ስዳስሰው ለስልሷል። ደገምኩለት። ለሐኪሙ የእናት ወተት እንደሰጠሁት ነገርኩት፤ ቅጹን አይቶ ደስ አለው። እናትየዋ ራሷን እንደማታውቅ ማሰብ የእሱ ፈንታ አልነበረም መሰለኝ።

ሰዓዳ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ተኛች። እኔም በየሦስት ሰዓቱ ኩባያውን አጥቤ እመልስላታለሁ፤ «ሰዓቱ ደረሰ ሰዓዳ» እላታለሁ። ምንም አትጠይቀኝም። ስትወጣ በረዶ ቤት ያስቀመጥኩት ትርፍ ወተቷ ለሦስት ቀን ሆነ። አሥራ ሁለት ቀን ማለት ነው።

ነጅማ በስድስተኛው ቀን ነቃች። ጡቷ ባዶ ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ የምኮራበት እሷ ላይ የሠራሁት ነው። የሚወጣላት ጠብታ እንኳ አልነበረም። እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ፣ ጀርባዋን ወርጄባት፣ ልጁን ደረቷ ላይ አስሬላት በየሁለት ሰዓቱ አለብናት። ሁለት ቀን ምንም የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት ጠብታ ጣቴ ላይ ወደቀች፤ ነጅማ ጣቴን ይዛ አለቀሰች። በሰባተኛው ቀን የልጇን ግማሽ አገኘች። ከዚያ ሙሉውን። ልጁ ሁለት ኪሎ ሞልቶ፣ ጡት ይዞ፣ ጉንጩ እያበጠ እየጠባ ወጣ። በሩ ላይ ነጅማ፣ «ተኝቼ ሳለ ምን በላልኝ?» አለችኝ።

«ዱቄት» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ላስረዳ። እኛም አገር የጡት ልጅ አለ። እኛ ጋ ግን የጡት ልጅነት ተስማምተው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ማር የተቀባ አውራ ጣት አስጠብተው የሚያደርጉት ነገር ነው። ቃል ነው የሚያስረው። በእኔ ሐሳብ ማንም ካልተስማማ፣ ማንም ካልማለ፣ ወተት ወተት ነው፤ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው፤ ነግሮ ሰው ማስጨነቅ ምን ይረባል? ይህን በልቤ ይዤ ነው በደስታ የዞርኩት።

ማዳም ሐሊማ ስትመለስ መነጽሯን አድርጋ ቅጾቹን ማንበብ ጀመረች። ነጅማ ራሷን ያወቀችበትን ቀንና ልጁ የእናት ወተት የጀመረበትን ቀን በጣቷ ይዛ አስተያየች።

«ይሄ ወተት ከየት መጣ?»

«ከሰዓዳ። ደሟ ንጹሕ ነው፣ ካርዱን አይቻለሁ።»

«ስለ ደሟ አልጠየቅኩሽም። ስንት ጊዜ ጠጣ?»

«በየሁለት ሰዓቱ፤ አሥራ ሁለት ቀን።»

መነጽሯን አወለቀች። «በእኛ ሕግ አምስት ጊዜ ይበቃል፣ ወርቄ። አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠጣ ልጇ ነው። እሷ የምትወልዳት ሁሉ እኅቱ ናት፤ አያገባትም። በየኩባያው ስም የምጮኸው ለምን ይመስልሽ ነበር?»

«ማንም እኮ አልተስማማም» አልኳት። «ሽማግሌ የለ፣ መሐላ የለ።»

«ወተቱ ሽማግሌ አይጠብቅም። ሆዱ ከገባ ገባ።» ቅጾቹን ሰበሰበችና፣ «ልጁን አድነሽዋል። በዚህ አልቆጣሽም፤ እኔም ብሆን አስፈቅጄ እሰጠው ነበር። ግን እናት ሰጥተሽው ሸሸግሽበት። እሷንም ልጅ ሰጥተሽ ሸሸግሽባት። ሁለቱንም ሂጂና ንገሪያቸው። እኔ ልሄድልሽ እችል ነበር፤ ያጠጣው ግን ያንቺ እጅ ነው» አለችኝ።

ሄድኩ። ሆዳን፣ የነጅማ ቤት፣ አርባው ቀን ሲወጣ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ነጅማ ሶፋው መሃል ተቀምጣ ልጁን እያጠባች ለሁሉም ታስተዋውቀኛለች፤ «ወተቴን ከድንጋይ ያፈለቀችው እሷ ናት» እያለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ተኝቼ ሳለ የባሌ እህት ላጥባው ብላ መጥታ ነበር አሉ። ሰው አይገባም ብላችሁ መለሳችኋት። አላህ ጠበቀልኝ! ከእኔ ሌላ እናት እንዲኖረው አልፈልግም» አለችኝ። የማንጎ ጭማቂ ሰጡኝ። ጠጣሁና ወጣሁ።

ማዳም ሐሊማ በማግስቱ፣ «ነገርሻቸው?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው» አልኳት። «ለሰዓዳም?» «ለእሷም።» ግንባሬን ሳመችኝ። የእኔ ስህተት ይህ ነው እንጂ ወተቱ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ስለምወዳት መሰለው። እወዳት ነበር፤ አፍር ነበርም።

ከዚያ በኋላ ባልባላ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። ኃላፊው ሐኪም ተቀየረ፤ አዲሷ ሐኪም ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ቆልፋበት ካንጋሮ የሚሉትን፣ ልጅን ደረት ላይ ማሰርን፣ ለሁሉም እናት ደንብ አደረገችው። የኤሌክትሪክ ማለቢያ መጣ። ልጃገረዶቹ ነርሶች ስልካቸው ላይ ማንቂያ ሞሉ። እኔም እያስተማርኩ አረጀሁ። ስም ጮኾ መጥራትን ግን በእኔ ዘመን አንድም ነርስ አልዘለለችም፤ ምክንያቱን ስለማልነግራቸው ወርቅነሽ ለደንብ ትሞታለች ይሉኝ ነበር።

ሰዓዳ ካርቲየ 6 ተከራይታ፣ መንገድ ዳር ሻሿን ዘርግታ መሸጥ ጀመረች። ባሏ ሌላ አግብቶ ትቷታል። ሌላ ልጅ አልወለደችም። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እናገኛለን። «እንዴት ነሽ አባዮ? ሥራ እንዴት ነው? ልጆቹ እያደጉ ነው?» ትለኛለች፤ እጄን ይዛ ትንሽ ትቆያለች። «እያደጉ ነው» ብዬ እጄን አስለቅቄ እሄዳለሁ። ፊቷን እያየሁ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ! እዚህ ከተማ ውስጥ ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ እያልኩ አዝን ነበር፤ ሁለት መንገድ አልፎ ግን እኔው ብቸኛ ያደረግኳት ሴት ነበረች።

ኬኩን በበላን በሦስተኛው ቀን ሆዳን ሄድኩ። ነጅማ ወፍራለች፤ ሦስት ልጆች ጨምራለች። ብቻዋን አገኘኋት። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«አሥራ ሁለት ቀን» አለች።

«አዎ።»

«እና አርባው ቀን ላይ፣ እዚሁ ቤት፣ አላህ ጠበቀልኝ ስልሽ ጭማቂ ትጠጪ ነበር።»

«አዎ።»

«ይጣፍጥ ነበር?»

ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። እግሬ ደረጃው ላይ ሳለ፣ «ሴትዮዋ ሌላ ልጅ አላት?» አለችኝ። «የላትም» አልኳት። በሩን ዘጋችው።

አሥራ አንድ ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ሥራ የለኝ፣ የሚጠራኝ የለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «ሼኹን አማከርን፤ እናቱ ናት አሉን» አለች ነጅማ። ድምጿ ደርቋል። «እኔ ልነግረው አልቻልኩም፣ አባቱ ነገረው። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? ታዲያ ምን እንጠብቃለን አለ። ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤቷን ታሳዪናለሽ። ከዚያ በኋላ ቁጥሬን ታጠፊያለሽ።»

በማግስቱ የነጅማ ባል የሚነዳው መኪና ወደ ሰዓዳ ቤት በሚያስገባው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ቆመ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ በመስታወቱ ሰርቄ አየሁት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ጥቁረት የጀመረው። ላዘጋጃት ልቅደም ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ሰዓዳ ሻይ ጥዳ ወለል ላይ ሻሽ እያጠፈች ነበር። ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ።

«ሰዓዳ፣ ያኔ፣ ልጅሽ ስትሞት የሰጠሽኝን ወተት…»

«አልደፋሽውም» አለችኝ። ሻሹን ማጠፏን አላቆመችም።

«ታውቂ ነበር?»

«ኩባያውን አጥበሽ ስትመልሺልኝ ነው ያወቅኩት። ሊደፋ ወተት የሚለምን ሰው የለም። የማን ልጅ እንደጠጣው ብቻ ነው የማላውቀው።»

«አሥራ አራት ዓመት! ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ብጠይቅሽ ደፋሁት ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እስካልጠየቅኩሽ ድረስ ልጅ ነበረኝ። መንገድ ላይ በያዝኩሽ ቁጥር ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ነበር እጅሽን የምይዘው፤ አንቺ ትቸኩያለሽ።»

ይቅር በይኝ ማለት አልቻልኩም። «ውጭ ነው፤ ከእናቱና ከአባቱ ጋር መጥቷል» አልኳት። «ስሙ…»

አፌን በመዳፏ ያዘችው። «አንቺ አትንገሪኝ። እሱ ይንገረኝ» አለች።

ተነስታ ወጣች። መጋረጃው ከኋላዋ ተመለሰ። መጀመሪያ የመኪና በር፣ ከዚያ የነጅማን ልቅሶ፣ ከዚያ ገና መጎርነን የጀመረ የወንድ ልጅ ድምፅ ሰማሁ። ሻይው ገንፍሎ ነበር፤ አወረድኩት። እንድወጣ የጠራኝ ሰው አልነበረም። የቀሩትን ሻሾች አንድ በአንድ አጥፌ ጨረስኩና በጓሮ በኩል ወደ ቤቴ ሄድኩ።